ጨው የበላው ክሮቸራ

እሌኒ ጋሽ ገሠሠን ባገኘቻቸው ቀን መጀመሪያ ያየችው እግራቸውን ነው። መሐል ሜዳ መናኸሪያ በር ላይ ከቆመ አሮጌ የጭነት መኪና ሥር ሁለት እግሮች ተዘርግተዋል፤ አንዱ ካልሲ አለው፣ አንዱ የለውም። ከሥር ድምፅም ይሰማል። የሚለማመጥ ሰው ድምፅ ነው።

«ዛሬን ብቻ ነው የምልህ። ዛሬን አድርሰንና ከዚያ ብትፈልግ መንኩስ፤ ምን አገባኝ!»

እሌኒ አስተማሪ ናት። ከማስተማሯ ይልቅ ግን የምትታወቀው በጨዋታ ወዳድነቷ ነው። ሽንኩርት ልትገዛ ገበያ ከወጣች ሽንኩርት ሻጯን ከነቤተ ዘመዷ አውቃ፣ አንዳንዴም ሽንኩርቱን ረስታ የምትመለስ ሰው ናት። እንዲህ ያለ ልመና ሰምታ ማለፍ አይሆንላትም። ጎንበስ አለች።

«ማንን ነው እንዲህ የሚለማመጡት?»

«መሪጌታን።»

«የታሉ መሪጌታ?»

«በላዬ ላይ ናቸዋ! አንቺስ አስተማሪ ነሽ መሰለኝ፤ ጫማሽ ላይ ጠመኔ አለ።»

ተንፏቀው ወጡ። ስድሳን የተሻገሩ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ካፖርታቸው ዘይት ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ ቆዳ ያብረቀርቃል። መሪጌታ ያሉት መኪናውን ነው። ዳገት ሲወጣ ድምፁን እያረዘመ ስለሚያዜም የመንዝ ሰው ያወጣለት ስም ነው። ቀለሙ አረንጓዴ እንደነበረ የሚያስታውሱት ጋሽ ገሠሠ ብቻ ናቸው።

እሌኒ ደብረ ብርሃን እህቷ ወልዳባት መሄድ አለባት። መንገዱ ለወራት ተዘግቶ ቆይቶ ገና መከፈቱ ነው። አውቶቡሶቹ ግን አላመኑም፤ አንድ ቀን መጥተው ሦስት ቀን ይቀራሉ። ከማለዳ ጀምራ ቆማ እግሯ ደንዝዟል።

«ወደ ደብረ ብርሃን ነው?»

«እግዜር ካለ።»

«ጋቢና ቦታ ይኖራል?»

«ጋቢናው የኔ አይደለም፤ የባለቤቴ ነው። እሷን ጠይቂ።»

በሩን ስትከፍት ወይዘሮ ጥሩሸዋን አገኘች። የሱፍ ባና ለብሰው፣ ሁለት እጃቸውን የመኪናው ደረት ላይ አሳርፈው፣ ራሳቸው የሚነዱ ይመስል ወደ ፊት አፍጥጠዋል። ዓይናቸው ላይ ነጭ ነገር ተጋርዷል። በሩ ሲከፈት ፊታቸውን ሳያዞሩ ፈገግ አሉ።

«ጠመኔ ያለባትን ሰምቻለሁ። ግቢ፣ ልጄ። በሩን ሁለቴ ካልመታሽው አይዘጋም።»

እንዲህ ነው የተዋወቁት። ከተማውን ሳይለቁ እሌኒ የጉዟቸውን ነገር ጠይቃ ጨርሳለች። የወይዘሮ ጥሩሸዋ ዓይን ሞራ ጋርዶታል። የግራው ጨልሟል፤ የቀኙ ጥላ ይለያል፣ ያውም ፀሐይ ሲኖር። ሞራ የሚገፉ ሐኪሞች ከሩቅ አገር መጥተው ደብረ ብርሃን ሰንብተዋል፤ በነፃ ነው የሚሠሩት፤ የሚሠሩት ግን እስከ ዛሬ ድረስ ነው። ባለፈው ሲመጡ መንገድ ተዘግቶ ቀረባቸው። አሁን መንገዱ ሲከፈት ወሬው የደረሳቸው ትናንት ነው።

«ከሰዓት በኋላ ድረስ ይሠራሉ ብለውኛል» አሉ ጋሽ ገሠሠ መሪውን እየታገሉ። «ቀትር ላይ ደብረ ብርሃን ነን። የሷን ዓይን አይቶ እምቢ የሚል ሐኪም የለም።»

«አንተ አይተህ እሺ አልክ» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ።

«ያኔማ ዓይንሽ ጤነኛ ነበር።»

«የታመመው ያንተ ነበር ማለት ነው!»

እሌኒ ሳቀች። ሳቋን የሰማ ሰው ዝም ብሎ አያውቅምና ጋሽ ገሠሠ ታሪካቸውን ጀመሩ። ከላሎ ምድር ናቸው። በወጣትነታቸው ለዚሁ መኪና ሾፌር ረዳት ሆነው ገቡ፤ ጎማ ሲነፉ፣ በግ ሲጭኑ፣ በጎቹ ላይ ተኝተው አዲስ አበባ ሲወርዱ ኖሩ። አንድ የገበያ ቀን ሱፍ ፈትላ የምትሸጥ ልጅ መኪናው ላይ ልትሳፈር መጣች። ዝናብ ነበር። ገሠሠ የራሱን የጋቢና ቦታ ለቀቀላትና እሱ ከጭነቱ ላይ ወጣ። ሾፌሩ ተሳደበ፤ ልጅቱ ግን ጋቢና ገባች።

«ከገባሁ አልወጣሁም» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ። «ይኸው ስንት ዘመን። ልጅ አልሰጠንም፤ መሪጌታን ሰጠን። ሾፌሩ ሲያረጅ ለገሠሠ ተወለት።»

ጨዋታው መሐል ወይዘሮ ጥሩሸዋ ድንገት አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ገሠሠ።»

«አቤት።»

«ይኼ ቋ ቋ የሚለው ድሮ አልነበረም።»

«መንገዱ ነው።»

«መንገዱማ ከፊት ነው የሚጮኸው። ይኼ ከኋላችን ነው።»

«ድንጋይ ነው፣ ጥሩዬ። መኪናው ደህና ነው።»

እሌኒ ምንም አልሰማችም። በኋላ ስታስበው፣ እሳቸው ዓይናቸው ከተጋረደ ወዲህ መኪናውን በጆሯቸው ነበር የሚያዩት። ጋሽ ገሠሠም ያውቃሉ። ያውቃሉና ነው «መንገዱ ነው» ያሉት። ተመልሰው ቢያስፈትሹ ቀኑ ያልፋል፤ ስለዚህ ድምፁን መንገድ አደረጉት።

የተከለለው የሣር አምባ ጓሳ ላይ ሲደርሱ ጉሙ ሜዳውን ሞልቶታል። አልፎ አልፎ ረጅም የጅብራ ተክል አናት እንደ ሰው ብቅ ይልና ተመልሶ ይጠፋል። ትንሽ ዳገት ጀመሩ፤ መሪጌታም ማዜም ጀመረ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ሊሉት ያሰቡት ነገር ነበር፤ አፋቸውን ሳይከፍቱ ከሥራቸው እንደ ጥይት ያለ ነገር ጮኸ። ቀጥሎ ብረት መሬቱን ሲያርሰው ተሰማ። ሞተሩ ያለ ጭነት አጓራ። መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ጋሽ ገሠሠ ፍሬን ረግጠው ያዙት። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ነፋሱ ብቻ ነበር።

«መንገዱ ነው?» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ። ለመቀለድ ነበር።

ጋሽ ገሠሠ በሩን ከፍተው ወረዱ። እሌኒም ተከተለች፤ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገቡ። ከዚያ ሥር ገብተው ያመለከቷትን አየች። ከካምቢዮው ተነሥቶ የኋላውን ጎማ የሚያዞረው ረጅም ዘንግ አንድ ጫፉ ወድቆ አፈር ነክሷል። ጫፉ ላይ ክሮቸራ የምትባል፣ መስቀል የመሰለች ብረት አለች፤ ዘንጉ እንደ ሰው ክንድ እንዲተጣጠፍ የምታደርገው እሷ ናት። አራት ክንድ አላት፤ እያንዳንዱ ክንድ ቆብ ይደፋበታል፤ በቆቡ ውስጥ እንደ መርፌ የቀጠኑ ብረቶች ዙሪያውን ተደርድረው ግራሶ ጠጥተው ይሽከረከራሉ። አንደኛው ቆብ ፈንድቷል። መርፌዎቹ መርፌ አይመስሉም። የተፈጨ በርበሬ ነው የሚመስሉት።

ጋሽ ገሠሠ አንዱን ያልፈነዳ ቆብ በመዶሻ ደብድበው አወለቁት። ውስጡ ቀይ ዝገት ነው፤ በዝገቱ መሐል ነጫጭ ፍሬዎች ደርቀው ተጣብቀዋል። በጣታቸው ቆነጠሩና አሸተቱት። ከዚያ ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ አደረጉት።

ወዲያው እንትፍ አሉ። እንደገና እንትፍ አሉ፤ አማተቡ።

«ሁዳዴ ነው» አሉ ለራሳቸው። «በሁዳዴ የበግ ስብ ቀመስኩ።»

«ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

በእጃቸው ወደ ጋቢናው አመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እሌኒ ጆሮዋን ልታስጠጋ ከሥር አጠገባቸው ተኛች።

መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ግራሶ ከመሐል ሜዳ ሱቆች ጠፋ። ለገና በግ ሲታረድ ላቱን ወይዘሮ ጥሩሸዋ ለሁለት ከፈሉት። የመንዝ በግ ላት እንዲህ በቀላሉ አያልቅም። አንደኛውን አቅልጠው ያለ ምንም ነገር ጣሳ ሞሉት፤ የመሪጌታ ድርሻ ነው። ሁለተኛውን ጨው መትተው ሌላ ጣሳ ሞሉት፤ ለፋሲካ የሚቆይ የሰው ድርሻ። ጣሳዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የዱቄት ወተት ጣሳ። ጋሽ ገሠሠ «ጣሳውን አቀብይኝ» አሉ፤ ወይዘሮ ጥሩሸዋም በዳበሳ አቀበሏቸው። እሳቸውም በቀዝቃዛ እጃቸው ክሮቸራውን ሞሉት፤ ሳያሸቱ፣ ሳያዩ። ጥሩሸዋ ያቀበለችው መቼ ተሳስቶ ያውቃል?

«ጨዋማውን ነው የሰጠችኝ» አሉ። «ከገና ጀምሮ ቆሞ ጨዉ ብረቱን ሲበላው ከረመ። ዓይኗን ላሳክም ስወጣ ዓይኗ መኪናዬን…»

አልጨረሱትም። እጃቸውን በካፖርታቸው ጠረጉ።

«ዝገት ነው እንላታለን። ከጠየቀችሽ ዝገት ነው በያት። እውነትም ዝገት ነው፤ ውሸት አይደለም።»

እሌኒ ራሷን ነቀነቀች።

ከጉሙ ውስጥ አንድ ሰው ወጣ። ጥቅጥቅ ያለ በርኖስ የለበሰ፣ ዱላ የያዘ ጎልማሳ ነው፤ የጓሳ ጠባቂ። ምንተስኖት ይባላል። ጋሽ ገሠሠን ያውቃቸዋል።

«መሪጌታ ተኙ እንዴ?» አለ።

«ክሮቸራቸው ወለቀ።»

«ታዲያ ወደ ጸበል እንጂ ወደ ጓሳ ምን አመጣቸው?»

ጋሽ ገሠሠ አልሳቁም። የተሰበረችውን መስቀል ማውለቅ አለባቸው፤ በቦታዋ የሚያስገቧት ያረጀች ክሮቸራ ከዕቃ ሳጥናቸው ውስጥ አላቸው፤ ከዓመታት በፊት ደክማለች ብለው የለወጧት። አሁን ግን የዛገችው ከመቀመጫዋ አልላቀቅ አለች። እሳት ያስፈልጋታል፤ ብረቱ ሲግል ይለቃታል። ጋሽ ገሠሠ ደረቅ ሣር ሊሰበስቡ እጃቸውን ሲዘረጉ ምንተስኖት ዱላውን በመሐል አስገባ።

«ኧረ ጋሼ! ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ትንሽ እሳት ነው።»

«ጓሳ ላይ እሳት! በዚህ ነፋስ! ሣሩም እኮ ገና ለአጨዳ አልተፈታም፤ አንድ ዘለላ ቢነጩ እኔ ነኝ የምቀጣው።»

«ባለቤቴን ዛሬ ካላደረስኳት…»

«ገባኝ፣ ጋሼ። ግን አባቶቻችን የጠበቁትን እኔ ላቃጥለው? ይቆዩ፤ ጎጆዬ እሳት አለ። ውሃ አፍልቼ ላምጣ።»

ጎጆው ሩቅ ነው። ሄደ፤ ጉሙም ዋጠው። እሱ እስኪመጣ ድረስ ጋሽ ገሠሠ ቆቡን ይደበድባሉ፤ እጃቸው ሲደማ ይጠርጉና እንደገና ይደበድባሉ። ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ አንድም መኪና አላለፈም። አንድ አይሱዙ ወደ መሐል ሜዳ ሲመለስ «በርቱ!» ብሎ አለፈ።

እሌኒ እጇ ሲደነዝዝ ጋቢና ገባች። ወይዘሮ ጥሩሸዋ እንደነበሩ ናቸው፤ እጃቸው ከመኪናው ደረት ላይ አልተነሣም።

«ፀሐይ የታል?» አሉ።

«ጉም ነው፣ እትዬ። አይታይም።»

«ለኔም አልታየችኝም። ዓይኔ ነው እያልኩ ነበር።»

መዶሻው ከሥር ይመታል።

«ገሠሠ ተፋ» አሉ ድንገት።

«ምን አሉ?»

«ሁለቴ ተፋ። ሲያማትብ የካፖርቱን ድምፅ ሰማሁ። በጾም ሰው የሚተፋው ምን ቢቀምስ ነው?»

እሌኒ ወደ ውጭ አየች። ጉሙ መስታወቱን ሸፍኖታል።

«እነዚያን ጣሳዎች በማሽተት ነበር የምለያቸው» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ በዝግታ። «ጨው የገባበት ሽታው ይከፋል፤ ያልገባበት ጭስ ጭስ ይላል። ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞኛል። ‘ይኼኛው ነው’ አልኩት። ‘እርግጠኛ ነሽ?’ አላለኝም። ብሎኝም አያውቅም።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ እሌኒ አዞሩ፤ ያ ነጭ ነገር ፊት ለፊቷ መጣ። «አንቺ ዓይን አለሽ። ነጭ ነገር ነበረበት?»

እሌኒን ብዙ ሰው ብዙ ነገር ጠይቋታል፤ ከዚህ የከበደ ግን አልነበረም።

«ዝገት ነው ያየሁት፣ እትዬ። ቀይ ዝገት።»

«እሺ» አሉ። እጃቸውን ከመኪናው ደረት ላይ አንሥተው ባናው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተናገሩም።

ምንተስኖት ጀበና ሙሉ ውሃ በበርኖሱ ሸፍኖ እየሮጠ መጣ። የፈላው ውሃ ብረቱ ላይ ሲፈስ ጭሱ ከጉሙ ጋር ተቀላቀለ። አንድ ጀበና አልበቃም፤ ተመልሶ ሌላ አመጣ። በሁለተኛው ላይ ክሮቸራዋ ጮኸች፤ ለቀቀች። ጋሽ ገሠሠ «ተመስገን!» ሲሉ ምንተስኖት ሥር ገብቶ አቀፋቸው።

አሮጌዋ መስቀል ገባች፤ ለአንደኛው ክንድ ግን መርፌ የለም። ጋሽ ገሠሠ አሰቡና ወደ ጋቢና ወጡ።

«ጥሩዬ፣ እስቲ ከመቀመጫሽ ተነሺ።»

«ደግሞ ምን ሆነ?»

«ጠፍሩን ልቆርጥ ነው።»

የጋቢናው መቀመጫ ስፕሪንጉ ከሞተ ወዲህ በበሬ ጠፍር ነበር የተሠራው። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ተነሡ፤ ጋሽ ገሠሠም ከሥራቸው በቢላዋ ቆርጠው ወሰዱ።

«የተቀመጥኩበትን ነቅሎ ለመሪጌታ ሰጠ» አሉ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ለእሌኒ። «እኔ ምን ላይ ልቀመጥ ነው?»

«ጉልበቴ ላይ» አሉ ጋሽ ገሠሠ።

የመጀመሪያ ሳቅ ነበር ከስብራቱ ወዲህ። ጠፍሩን በተረፈው ፍል ውሃ ነክረው አለሰለሱት፤ በመርፌዎቹ ፈንታ ቆቡ ውስጥ ጠቅልለው አስገቡት፤ ከሞተሩ ዘይት ቀድተው አጠጡት። ዘንጉን አነሡ፣ ቡሎኖቹን አሰሩ። ምንተስኖት ጎማው ሥር ያለውን ድንጋይ ነቀለ።

መሪጌታ ተነቃነቀ።

እሌኒ እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት አይታ አታውቅም። ጋሽ ገሠሠ መሪውን እንደ ሕፃን ይዘውታል፤ እየነዱ ሳይሆን እየለመኑት ነው። ምንተስኖት ዱላውን እያወዛወዘ ከኋላ ሮጠ። መኪናው ዳገቱን ያዘ፣ ማዜም ጀመረ፤ ወይዘሮ ጥሩሸዋም አፋቸውን ሳይከፍቱ አብረው አንጎራጎሩ። ጉሙ በመሐል ተቀደደና ፀሐይ ጋቢናው ውስጥ ገባ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ እጃቸውን አነሡና ጥላውን በፊታቸው አዘዋወሩት።

«አየሁት» አሉ። «እጄን አየሁት፣ ገሠሠ። ጥላውን።»

«ማታ ጣትሽን ትቆጥሪያለሽ።»

«ያንተን ሽበት ነው የምቆጥረው።»

ሄዱ። ጥቂት ሄዱ። የዳገቱ አናት እየታየ ነበር። ወይዘሮ ጥሩሸዋ ማንጎራጎራቸውን አቆሙ፤ አፍንጫቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«ቆዳ ይሸታል።»

ጋሽ ገሠሠ መሪውን አጥብቀው ያዙ። «በግ አልፎ ይሆናል።»

«የሚቃጠል ቆዳ ነው።»

«ደህና ነው፣ ጥሩዬ። መኪናው ደህና ነው።»

እሌኒም አሁን ሸተታት። የጋሽ ገሠሠን ፊት አየች፤ ላብ ወርዶታል፤ በዚያ ብርድ። እሳቸው ያውቃሉ። አናቱ ላይ ቢደርሱ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው፤ ቁልቁለቱን ያለ ዘንግም ቢሆን በፍሬን እየተንከባለሉ ይወርዱ ነበር። አናቱ ላይ ብቻ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የጠዋቱን ልመና ነው።

አናቱ ላይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ዘንጉ ወደቀ። በዚህኛው ጊዜ እንደ ጥይት አልጮኸም፤ ዝም ብሎ ተንከባለለ። መኪናው ቆመ። ጋሽ ገሠሠ ፍሬኑን ረግጠው መሪው ላይ ግንባራቸውን ደፉ። ወይዘሮ ጥሩሸዋ በዳበሳ ጀርባቸውን ፈልገው አገኙት፤ እጃቸውን እዚያ አሳረፉ።

አናቱ ላይ ስልክ ይሠራል። እሌኒ ጥቂቱን ዳገት በእግሯ ወጣች፤ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ጓደኛ አላት፤ ፀሐይወርቅ ትባላለች። ደወለች። ሐኪሞቹ እንዲቆዩ ትለምንላት እንደሆነ፤ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፤ ማታም ቢሆን።

«አልቋል፣ እሌኒዬ» አለች ፀሐይወርቅ። «ዕቃቸውን እየጫኑ ነው። ቀትር ላይ ነው የመጨረሻዋን ሴትዮ ያስወጧት።»

«ከሰዓት በኋላም ይሠራሉ አልተባለም?»

«የመጣው ሰው ሲያልቅ ዘጉ። መንገዱን ፈርቶ ብዙ ሰው አልመጣም።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«የተባለ ነገር የለም። ያለፈውንም ሆነ ያሁኑን ቀድመው አልነገሩንም።»

«እዚያው ሌላ ሐኪም…»

«ሕመምተኞች አዲስ አበባ ነው የሚላኩት። ያውም ወረፋው!»

እሌኒ ስልኩን ዘግታ እዚያው ቆመች። ከታች መኪናው ይታያታል፤ ትንሽ፣ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ያለ። ሁለት እግሮች ከሥሩ ተዘርግተዋል፤ አንዱ ካልሲ አለው፣ አንዱ የለውም። ጋሽ ገሠሠ ገብተው እየሠሩ ነው።

ወርዳ ከጎናቸው ተቀመጠች። የተቃጠለውን ጠፍር በጥፍራቸው እየፋቁ ነበር። «ሌላ ቁራጭ አለ» አሉ ሳያዩዋት። «በሱ ድርብ አድርጌ ብጠቀልለው…»

ነገረቻቸው። የምታውቀውን ቃል ሁሉ ፈልጋ ያገኘችው አጭሩን ነበር፤ «ሄደዋል፣ ጋሼ»።

ጋሽ ገሠሠ መፋቃቸውን አላቆሙም። ፋቁ፣ ነፉ፣ እንደገና ፋቁ። ቆቡ ጠርቶ ሲያበራ አዩትና መሬት ላይ አስቀመጡት፤ በዝግታ፣ እንዳይሰማ።

«ሌላ ሐኪም ያለው አዲስ አበባ ነው?»

«አዎ።»

«በምን?» አሉ። ለእሌኒ አልነበረም ጥያቄው፤ ለዘንጉ ነበር። ቆይተው ደግሞ፣ «አስተውለሽ ከሆነ፣ መሪጌታን ነው የጨቀጨቅሁት፤ እሷን አንድ ቀን ‘ጣሳው ይኼ ለመሆኑ እርግጠኛ ነሽ ወይ’ ብዬ ብጠይቃት ኖሮ…» አሉ። «ብጠይቃት ግን ዓይኗን ማመኔን እንደተውኩ ታውቅ ነበር። ያንን ነው የፈራሁት።»

«ለእትዬ ልንገራቸው?»

«ተይ። እኔ እነግራታለሁ።»

ምንተስኖት ከኋላ እያለከለከ ደረሰ። ነገሩን ሲሰማ ዱላውን ተደግፎ ቆመ። «ጎጆዬ ግቡ» አለ። «እትዬ እሳት ይሙቁ። ነገ የሚሆነውን ነገ እናያለን።»

ፀሐይ ልትዘቅዝቅ ስትል ገብስ የጫነ ፒክ አፕ በደብረ ብርሃን መንገድ ወደ ጣርማ በር ሊወርድ መጣ። ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ማን ያስቀራቸው ነበር፤ አሁን ግን ለእሌኒ ብቻ ነው የሚሆነው። እሌኒ አልሄድም አለች፤ ጋሽ ገሠሠ እህትሽ አራስ ናት ብለው አስገደዷት። ጋቢና ገብታ ወይዘሮ ጥሩሸዋን ተሰናበተች። ጉንጯን በሁለት እጃቸው ዳሰሱ፤ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ አገጯን።

«ሳይሽ ቆንጆ ነሽ» አሉ። «ሐኪሞቹ ይጠብቁናል አይደል?»

ወይዘሮ ጥሩሸዋ መልስ አልጠበቁም፤ ባናቸውን ሰበሰቡ።

ጋሽ ገሠሠ ቦርሳዋን ተሸክመው እስከ ፒክ አፑ አደረሷት። በሩን ዘጉላት፤ እንደ መሪጌታ በር ሁለቴ መቱት፤ ለካ አንዴ ይበቃው ነበር። መስኮቱን ይዘው ቆሙ። ሾፌሩ ማርሽ አስገባ፤ እሳቸው ግን አልለቀቁም።

«መምህርት፣ ይቅር በይኝ። ሐኪሞቹ በቅርቡ ይመለሳሉ ተብሏል እላታለሁ፤ ያለችው እሌኒ ናት እላታለሁ። አንቺ ካልሽው ታምናለች። እኔማ ዕድሜዬን ሙሉ መኪናው ደህና ነው ስላት የኖርኩ ሰው ነኝ።»